ፕሬቮስት ወይስ የድሮው ጂኤምሲ? ሞተርሆም ለመግዛት ላሰበ ቤተሰብ

ባለፈው ሚያዝያ የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ ሞተርሆም ልንገዛ ነው" አለኝ። ሞተርሆም ማለት መኝታና ወጥ ቤት ያለው፣ እየተነዳ የሚሄድ ቤት ነው። እሱና ባለቤቱ ሁለት ነገር መርጠው ተቸግረዋል። አንዱ የ2006 ፕሬቮስት ነው፤ ያ ትልቁ ቅንጡ አውቶቡስ። ሌላው የ1976 ጂኤምሲ ሞተርሆም ነው። "እርስዎ ዕድሜዎን ከባድ መኪና ላይ ነው ያሳለፉት። የቱ ይሻለናል?"

በስልክ የመለስኩለት አጭር ነበር። ከዘጋሁት በኋላ ግን አልበቃኝም። ደግሞም ይህን የሚጠይቀኝ እሱ ብቻ አይደለም። ቤተክርስቲያን ስንገናኝም ይነሳል፣ ቡና ላይም ይነሳል። ስለዚህ ለሁላችሁም በሰፊው ልጻፈው።

የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የጭነት መኪና መንዳት ከጀመርኩ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነኝ። የራሴ የ26 ጫማ ጂኤምሲ አለኝ፤ ከገዛሁት ስድስት ዓመቱ ነው። ፕሬቮስቱን ደግሞ የወዳጄን ይዤ ከአሌክሳንድሪያ እስከ ፍሎሪዳ ደርሼ ተመልሻለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ "የቱ ይመቻል?" ብሎ ነው። እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው "ሲበላሽ ማን ይሠራዋል?" ብዬ ነው። ሁለቱም ይበላሻሉ። ፕሬቮስቱን የምታሠሩት ከፍላችሁ ነው። ጂኤምሲውን ግን አብዛኛውን ራሳችሁ ከሥሩ ገብታችሁ ካልሠራችሁት በስተቀር አይዘልቅም። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሁለቱ ከየት መጡ

ጂኤምሲው ከ1973 እስከ 1978 ሞዴል ድረስ ብቻ ነው የተሠራው። ፖንቲያክ፣ ሚሺጋን ውስጥ 12,921 ያህል ተሠርተው ቆመ። በዚያን ጊዜ ሌሎች ሞተርሆም ሠሪዎች የጭነት መኪና ሻንሲ ይገዙና ላዩ ላይ ቤት ይገነቡበት ነበር። የጂኤምሲ ባለቤት ጀነራል ሞተርስ ግን ሙሉውን ራሱ ሠራው። ሞተሩን ኦልድስሞቢል ቶሮናዶ ከሚባለው የቤት መኪና ነው ያመጣው። ጉልበቱ የፊት ጎማ ላይ ነው። ከሞተር ወደ ኋላ የሚሄድ ረጅም ዘንግ የለውም። ስለዚህ ወለሉ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ሌላ ሞተርሆም ላይ ደግፈን ነበር የምናወጣት። እዚህ ግን ራሷ ትገባለች።

ከኋላ አራት ጎማ አለው፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ ፊትና ኋላ ሆነው ይሄዳሉ። በመካከላቸው የአየር ከረጢት አለ። መንገዱ ሲንገጫገጭ ከረጢቱ ይውጠዋል። ሃምሳ ዓመት ለሚጠጋው መኪና አካሄዱ ይገርማል። መስኮቶቹም ሰፊ ናቸው፤ ተራራው ሁሉ ቤት ውስጥ የገባ ይመስላል።

ፕሬቮስት የካናዳ ነው፤ ከኬቤክ። የጀመረው ዩጂን ፕሬቮ የሚባል የቤተክርስቲያን አግዳሚና የትምህርት ቤት ዕቃ የሚሠራ አናጢ ነው። በ1924 ለአንድ የጭነት መኪና ሻንሲ የአውቶቡስ አካል እንዲሠራ ታዘዘ። ዛሬ ኩባንያው የቮልቮ ነው። ፕሬቮስት ባዶውን አውቶቡስ ይሸጣል። ውስጡን ወደ ቤት የሚቀይሩት ሌሎች ናቸው፤ ኦሪገን ያለው ማራቶን፣ ፍሎሪዳ ያለው ሚሌኒየም፣ ሊበርቲም አለ። ኤች3-45 የሚባለው አዲሱ ሞዴል ርዝመቱ 45 ጫማ ነው። ሦስት አክስል፣ 13 ሊትር ገደማ የሆነ የቮልቮ ዲ13 ሞተርና የአሊሰን አውቶማቲክ ካምቢዮ አለው። ተሟልቶ ሲወጣ ዋጋው ከ2 ሚሊዮን ዶላር ያልፋል። ስለዚህ እንደኔ ያለው ሰው የሚያየው ያገለገለውን ነው።

መሪው ላይ ስትቀመጡ

በዚህ ፕሬቮስትን የሚያህል የለም። በሀይዌይ ላይ ዝም ይላል። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ፊት የተቀመጠ ሰው ድምፁን አይሰማም። የአየር ፍሬን አለው፣ የሞተር ፍሬን አለው። ቁልቁለት ላይ እግሬን ፍሬኑ ላይ ሳልጭን ሃምሳ ሺህ ፓውንድ ይዞ ይወርዳል። ከባድ መኪና ነድቶ ለማያውቅ ሰው ግን ይህ ሁሉ የሚማሩት ነገር ነው። መታጠፊያ ላይ የኋላው ጭራ ወዴት እንደሚወጣ ካላወቃችሁ የነዳጅ ማደያውን ዓምድ ትመቱታላችሁ።

መንጃ ፈቃዱንም አጣሩ። ካሊፎርኒያ ከ40 ጫማ በላይ ለሆነ ሞተርሆም ለግል መጠቀሚያ የሚሰጥ ክላስ ቢ የሚባል መንጃ ፈቃድ ይጠይቃል። ቴክሳስ ደግሞ ከ26,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ይጠይቃል። የየስቴቱ ሕግ ይለያያል። ከመግዛታችሁ በፊት የራሳችሁን ስቴት ጠይቁ።

ጂኤምሲውን ማንም ጥንቁቅ ሹፌር በአንድ ቀን ይለምደዋል። ፍሬኑ ግን የ1970ዎቹ ፍሬን ነው። ከፊት ዲስክ፣ ከኋላ ከበሮ ነው። ከፊታችሁ ካለው መኪና ሰፊ ርቀት ጠብቁ። ወደ 12,000 ፓውንድ የሚጠጋ ቤት እንደ ካምሪ አይቆምም።

የት ትገባላችሁ?

እዚህ ላይ ሰው ብዙ ይሳሳታል። መኪናውን እንጂ የሚሄድበትን ቦታ አይለካም።

ለኛ ለዲሲና ለቨርጂኒያ ሰዎች ቅርቡ የሸናንዶዋ ፓርክ ነው። 105 ማይል የሆነው ስካይላይን ድራይቭ ላይ የሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ። ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። የፕሬቮስት ኤች3-45 ከፍታ 12 ጫማ ተኩል ገደማ ነው። ጣራው ላይ አንቴና ወይም ሌላ ዕቃ ከተጨመረ አያልፍም። የሻጩን ወረቀት አትመኑ፤ ራሳችሁ በሜትር ለኩ። ጂኤምሲው በዚያ ዋሻ ሳያስብ ያልፋል።

ትንሽ ነው ማለት ግን ሁሉ ቦታ ይገባል ማለት አይደለም። ሞንታና ውስጥ ያለው የግሌሸር ፓርክ ጎይንግ ቱ ዘ ሰን መንገድ በመካከለኛው ክፍሉ ከ21 ጫማ በላይ የሆነ መኪና አያስገባም። ትንሹ ጂኤምሲ 23 ጫማ ነው። ፕሬቮስትም ያዛችሁ ጂኤምሲ፣ መኪናውን አቁማችሁ በፓርኩ ማመላለሻ ነው የምትወጡት።

ሌላው ጉዳይ ጋዝ ነው። ወደ ፊላደልፊያና ኒውዮርክ ስንሄድ ባልቲሞር ላይ ሁለት ዋሻ አለ፤ የሀርበርና የፎርት ማክሄንሪ። ሁለቱም ከ10 ፓውንድ በላይ ፕሮፔን የያዘ ጋዝ ታንክ አያሳልፉም። ዱሮ በኪ ድልድይ እንዞር ነበር። ድልድዩ መጋቢት 2024 ላይ በመርከብ ተመትቶ ወደቀ። አሁን በ695 ሀይዌይ ምዕራባዊ ጎን ከተማውን መዞር ግድ ነው። ጂኤምሲና አብዛኛው የድሮ ሞተርሆም በጋዝ ያበስላል፣ በጋዝ ይሞቃል። አዳዲሶቹ ቅንጡ አውቶቡሶች ግን ብዙዎቹ ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክና በናፍጣ ስለሚሠሩ ይህ አይነካቸውም።

ፕሬቮስት ይዞ የሚሄድ ሰው ከኋላው ትንሽ መኪና መጎተቱም አይቀርም፤ ካምፕ ደርሶ ወተት መግዛት አለበት። አራቱም ጎማ መሬት ላይ ሆኖ የሚጎተት መኪና ይዞ ወደ ኋላ መሄድ አይቻልም። የተሳሳተ መንገድ ከገባችሁ ወርዳችሁ መፍታት ነው። እኔ በጂኤምሲዬ ሱፐርማርኬት ድረስ እገባለሁ፤ ሁለት መኪና የሚቆምበት ቦታ ይበቃዋል።

ሲበላሽ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን።

ጂኤምሲዬን በገዛሁ በሁለተኛው ሳምንት በ81 መንገድ ወደ ሀሪሰንበርግ እየሄድን ነበር። ባለቤቴ "ቤንዚን ይሸተኛል" አለች። ዳር ይዤ አቆምኩ። የሞተሩ መክፈቻ ቤት ውስጥ ነው፤ ምንጣፉን ገልጣችሁ ክዳኑን ታነሳላችሁ። ከነዳጁ ጎማ ቱቦ አንዱ ተሰንጥቆ ቤንዚን ይንጠባጠባል፤ የሚወድቀው የጋለ ሞተር ላይ ነው። ልጆቼ ከኋላ ተኝተዋል። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከመግዛቴ በፊት ያየልኝ ጋራዥ "ሁሉም ደህና ነው" ብሎኝ ነበር።

ይህ የሆነበት ምክንያት አለ። የዛሬው ቤንዚን 10 በመቶ ገደማ ኤታኖል አለበት። የ1970ዎቹ ጎማ ለዚያ አልተሠራም። ኤታኖሉ ከውስጥ ይበላዋል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ደህና ይመስላል። ስለዚህ ማንኛውንም የድሮ ሞተርሆም ስትገዙ መጀመሪያ የምታደርጉት ይህን ይሁን። ከታንኩ እስከ ካርቡሬተሩ ያለውን የነዳጅ ቱቦ ሁሉ አውጥታችሁ ኤታኖል በሚችል ቀይሩ። የተቀየረ ነው ቢሏችሁም ቀይሩ። እሳት ማጥፊያ አንዱን ከሹፌሩ ጎን፣ አንዱን ከመኝታው ጎን ስቀሉ። ይህን ሳታደርጉ ልጅ ጭናችሁ አትውጡ። እለምናችኋለሁ።

ከዚያ ውጭ ጂኤምሲ የሚያስጨንቅ መኪና አይደለም። ሞተሩ 455 ኩቢክ ኢንች ኦልድስሞቢል ነው፤ ከ1977 አጋማሽ ጀምሮ 403 ሆነ። ኦልድስሞቢል በ2004 ቢዘጋም ሞተሩን የሚያውቅ መካኒክ አሁንም ይገኛል። ባለቤቶቹ እርስ በርስ ይረዳዳሉ፤ የአየር ከረጢቱንና ሌላውንም መለዋወጫ አዲስ እየሠሩ የሚሸጡ አሉ። የፊት ጎማውን ኩሽኔታ ግን ችላ አትበሉ። መሪውም፣ ጉልበቱም፣ የሞተሩ ክብደትም እዚያው ላይ ነው። በሙቀት ጊዜ ደግሞ ዳገት ላይ ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ እየተነነ ሞተሩ ይታፈናል። ታንኩ አጠገብ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካስገባሁ ወዲህ አልደረሰብኝም።

ጎማውም አንድ ነገር አለው። መጀመሪያ የመጣው ቸርኬ 16.5 ኢንች ነው። ለዚያ የሚሆን ጥሩ ጎማ ማግኘት ከባድ ነው። ቸርኬው ወደ 16 የተቀየረለትን ብትገዙ ትገላገላላችሁ።

ወደ ፕሬቮስት ስንመጣ አካሉ ጠንካራ ነው። ሚሊዮን ማይል እንዲሄድ የተሠራ አውቶቡስ ነው። የኩባንያው የራሱ ጥገና ጣቢያዎች በተለያዩ ስቴቶች አሉ። የእህቴ ልጅ ያየው የ2006 ሞተር ዲትሮይት ሲሪስ 60 ነው። የጭነት መኪና የነዳን ሰዎች ይህን ሞተር እንወደዋለን። በኋላ የመጣው የጭስ ማጣሪያና ዴፍ የሚባለው ፈሳሽ የለውም። ከ2010 ወዲህ ያሉት ላይ አንዲት ሴንሰር ስትበላሽ ኮምፒውተሩ የመኪናውን ጉልበት ይቀንሰዋል። ይህን በሥራዬ ብዙ አይቻለሁ።

ችግሩ ያለው ቤቱ ላይ ነው። ሞተሩንና ሻንሲውን አንድ ሰው ይሠራል፤ ቤቱን ሌላ። ኤሌክትሪኩ፣ የውሃ ማሞቂያው፣ መኪናው ሲቆም ቤቱን ለማስፋት ወደ ውጭ የሚዘረጋው ክፍል፣ ሁሉም በቀያሪው ድርጅት የተሠራ ነው። አንዱ አውቶቡስ ከሌላው አይመሳሰልም። የወዳጄ አንድ ጊዜ የሚዘረጋው ክፍል ወጥቶ አልመለስ አለ። ክፍሉ ሳይገባ መኪናው አይነዳም። ያንን ሥርዓት የሚያውቀው ባለሙያ እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ካምፕ ውስጥ ቆየ። የከፈለው ገንዘብ ከኔ የጂኤምሲ ካምቢዮ ማሳደሻ በለጠ። እሱ ግን አልተማረረም። ጊዜውም ገንዘቡም ነበረው። እናንተስ ሰኞ ሥራ ትገቡ የለም?

የዘወትሩ ወጪም ይለያያል። የፕሬቮስት ሞተር 9 ጋሎን ገደማ ዘይት ይጠጣል። ጎማው ስምንት ነው፤ አንዱ ብዙ መቶ ዶላር ነው። ነዳጅ ላይ ሁለቱም አያዝኑም። ፕሬቮስት በጋሎን 6 ማይል ገደማ ይሄዳል፤ ጂኤምሲ ከ8 እስከ 10። አንድ ሺህ ማይል ለመሄድ አንዱ ከ160 ጋሎን በላይ ናፍጣ፣ ሌላው ከ100 እስከ 125 ጋሎን ቤንዚን ይፈልጋል።

ምጣዱ ይሠራል ወይ?

ይህን የእህቴ ልጅ ሚስት ናት የጠየቀችኝ፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በጁላይ 4 ሰሞን የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ ይካሄዳል። ቤተሰብ ሁሉ ይሄዳል። ሆቴሉ በዚያ ሳምንት ውድ ነው። ሞተርሆም የሚያስቡት አብዛኞቹ ይህን ጉዞ አስበው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ደግሞ የተገዛ እንጀራ አይበላም።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 1,500 ዋት ይወስዳል። የጣራው ማቀዝቀዣም በግምት ያንኑ ያህል ነው። አብዛኛው የድሮ ሞተርሆም በ30 አምፒር ነው የሚሰካው፤ ከ3,600 ዋት አይበልጥም። ምጣድና ማቀዝቀዣ አብረው ይሠራሉ። ሦስተኛ ነገር፣ ለምሳሌ ማይክሮዌቭ፣ ስትጨምሩ ብሬከሩ ይወርዳል። እኛ ጠዋት፣ ሳይሞቅ፣ ማቀዝቀዣውን አጥፍተን ነው የምንጋግረው። ፕሬቮስት በ50 አምፒር ይሰካል። ይህ በሁለት መስመር ስለሚመጣ 12,000 ዋት ነው። ምጣዱም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ልብስ ማጠቢያውም በአንድ ላይ ይሠራሉ። ካምፑ ውስጥ መሰኪያ ከሌለ ደግሞ ትልቅ የናፍጣ ጀነሬተር አለው። የጂኤምሲው ጀነሬተር 4 ወይም 6 ኪሎዋት የሆነ ኦናን ነው፤ ይጮኻል።

ቡና ስታፈሉ ከሰሉን ውስጥ አታስገቡ። በሁለቱም። መስኮት ከፍተናል አትበሉ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ተኝቶ ያለን ሰው ይገድላል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ከሌለው በዚያው ቀን ገዝታችሁ ስቀሉ።

ልጆቹ የት ይቀመጣሉ?

ሻጭ አልጋውን ያሳያችኋል፣ ወጥ ቤቱን ያሳያችኋል። ቀበቶ አያሳያችሁም። የልጅ መቀመጫ የሚታሰረው ፊቱን ወደ ፊት ባደረገ፣ ቀበቶው ከመኪናው ብረት ጋር በታሰረ ወንበር ላይ ነው። በጎን በተዘረጋ ሶፋ ላይ አይታሰርም። ይህ ለድሮውም ለአዲሱም ነው። ብዙ ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰባቸው አውቶቡሶች ውስጥም ሳሎኑ ሁሉ በጎን የተዘረጋ ሶፋ የሆነ አለ። የተሠሩት ልጆቻቸውን ላሳደጉ ጡረተኞች ነዋ።

በጂኤምሲው የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ከእንጨት ነው። ቀበቶ ቢኖረው እንኳ እንጨቱ በግጭት አይችልም። እኔ ወንበሩን አስወጥቼ፣ ከፍሬሙ ጋር የታሰረ ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ ያለው ወንበር በባለሙያ አስገባሁ። ለመኪናው ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማልቆጭበት ይህ ነው።

ዋጋውና ማቆሚያው

እኔ ሳያቸው የቆየሁት የሚሄዱ ግን ሥራ የሚፈልጉ ጂኤምሲዎች ከ10,000 እስከ 25,000 ዶላር ነበሩ። በደንብ የታደሰው ከ50,000 ያልፋል። በ2000ዎቹ የተሠራ ደህና ፕሬቮስት ከ200,000 በታች ብዙ አላየሁም። በብድር የምትገዙ ከሆነ መኝታ፣ ወጥ ቤትና ሽንት ቤት ያለው ሞተርሆም በታክስ በኩል እንደ ሁለተኛ ቤት ሊቆጠር ይችላል። የታክስ ባለሙያችሁን ጠይቁ። ታውንሀውስ ውስጥ የምትኖሩ ደግሞ የሰፈሩን ማኅበር ደንብ አንብቡ። አብዛኛው አያስቆማችሁም። ለ45 ጫማ ቦታ መከራየት ለ26 ጫማ ከመከራየት በጣም ይለያል።

ልታዩት ስትሄዱ ጎማው ጎን ላይ ያለውን የዶት ቁጥር አንብቡ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበት ጊዜ ናቸው፤ 2319 ማለት የ2019 ዓመት 23ኛ ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ሰባት ዓመት ያለፈውን ጎማ እንደሌለ ቁጠሩት። ፕሬቮስት ከሆነ የአየር ግፊቱን ሞልታችሁ ሞተሩን አጥፉና ምሳችሁን በሉ። ስትመለሱ ግፊቱ ወርዶ ከሆነ የሚያፈስ ነገር አለ። የሚዘረጋውን ክፍል ሦስት ጊዜ አስወጡት፣ አስገቡት። ጂኤምሲ ከሆነ በዝናብ ማግስት ሂዱ፤ የጣራውንና የመስኮቱን ጥግ በእጃችሁ ዳብሱ። ሁለቱንም ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ዳገት ባለበት መንገድ ላይ ንዱ።

ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ መኖር ለሚፈልጉ ጡረተኛ ባልና ሚስት፣ ገንዘቡ ካላቸው፣ ያለማመንታት ፕሬቮስት እላለሁ። ከ2007 በፊት የተሠራውን፣ የሚዘረጋ ክፍል የሌለውን ወይም አንድ ብቻ ያለውን። ቅዳሜና እሁድ ለሚወጣ፣ በዓመት አንድ ረጅም ጉዞ ለሚያደርግና መፍቻ መያዝ ለሚወድ ቤተሰብ ጂኤምሲ ነው። ገንዘቡም ጊዜውም ለሌለው ደግሞ በየዓመቱ ተከራዩ ነው የምለው፤ ይህን ስል ቅር የሚላቸው ሰዎች አሉ፤ ቢሆንም እውነቴን ነው።

ለእህቴ ልጅ በግንቦት ጂኤምሲዬን ለሦስት ቀን ሰጠሁት። ሸናንዶዋ፣ ቢግ ሜዶውስ ካምፕ ሄዱ። እዚያ የኤሌክትሪክ መሰኪያ የለም። እንጀራውን ጋግረው ነው ይዘው የሄዱት። ሲመለሱ ሚስቱ ስለ አልጋውም ስለ መስኮቱም አልነገረችኝም። "ያንን ወንበር ያስገባልዎት ሰው አሁንም ይሠራል?" አለችኝ። ፕሬቮስቱን ትተውታል። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ አንድ የ26 ጫማ አግኝተዋል፤ የመጪው ቅዳሜ አብረን ልናየው ነው። ባትሪዬንና ቱታዬን አዘጋጅቻለሁ።